የቅኔ ተማሪን አንጎል ከማንሳታችን በፊት

ባሕር ዳር ላይ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚያመጡልኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዳዊትን በቃሉ የያዘ፣ ቅኔ የተቀኘ ሰው አንጎሉ ከሌላው ይለያል ወይ?» ጥያቄውን በጣም ነው የምወደው። ጎጃም ላደገ ሰው የሩቅ ጥያቄ አይደለም። የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። 150ውን መዝሙር ከራስ እስከ ግርጌ በቃሉ የሚወጣ ልጅ በየሰፈራችን አይተናል። ይሄ ሁሉ ዓመት ሙሉ የሚቀጠቀጥ ትምህርት አንጎል ላይ ምን ትቶ ያልፋል ብሎ መጠየቅ ጥሩ ሳይንስ ነው። በእኛ ልጆች መጠየቁ ደግሞ የበለጠ ደስ ይላል።

ከጥያቄው ቀጥሎ የሚመጣው ዕቅድ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ «አስር መሪጌታ፣ አስር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንውሰድ። ኤምአርአይ ይነሱ። ከዚያ ስታቲስቲክሱን እርስዎ ይሠሩልናል።»

ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ስታቲስቲክሱ ከማንሳቱ በኋላ የሚመጣ ሥራ አይደለም። ማሽኑ ውስጥ ማን ይገባል፣ ምን ይሰማል፣ በስንት ሰከንድ ልዩነት ይሰማል፣ ስንት ጊዜ ይደገምለታል፣ ይሄ ሁሉ ራሱ ስታቲስቲክስ ነው። እሱ ቀድሞ ካልተነደፈ ዳታው ከተሰበሰበ በኋላ የትኛውም ፎርሙላ አያድነውም። ለእያንዳንዱ ተማሪ ለየብቻ ከማስረዳ አንድ ጊዜ በሰፊው ልጻፈው ብዬ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሚለካ እንግባባ። ኤፍኤምአርአይ፣ ማለትም አንጎል ሥራ ላይ እያለ የሚያነሳው የኤምአርአይ ዓይነት፣ ሐሳብን አያነሳም። የነርቭ ሴሎችንም ሥራ በቀጥታ አይለካም። የሚለካው የደምን ለውጥ ነው። ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲሸከምና ሲያራግፍ የማግኔት ጠባዩ ይለያያል። አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲበዛበት ከሚጠቀምበት በላይ ኦክስጅን የያዘ ደም ይጎርፍለታል፣ በዚህ የተነሳ ከቦታው የሚመጣው ምልክት ትንሽ ከፍ ይላል። ይህንን ሴጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ በ1990 በአይጦች ላይ አሳዩ፤ በ1992 ደግሞ በሰው ላይ ታየ።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ ለውጡ ትንሽ ነው። እንደ ማሰብና ማስታወስ ባለ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሁለተኛ፣ ዘገምተኛ ነው። ቃሉ ጆሮ ከገባ በኋላ ምልክቱ ጫፍ የሚደርሰው ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ቆይቶ ነው፣ ወርዶ ወደ ነበረበት ለመመለስ ደግሞ ሌላ አስር ምናምን ሰከንድ ይፈልጋል። የሙከራው አነዳደፍ በሙሉ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ጋር የሚደረግ ትግል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ወደ ሰዎቹ። አስር መሪጌታና አስር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብናወዳድርና ልዩነት ብናገኝ፣ የምን ልዩነት ነው? መሪጌታው በዕድሜ ይበልጣል፣ ዕድሜ ደግሞ ለብቻው የአንጎልን መጠን ይቀይራል። ግዕዝ ያውቃል። ልጅነቱን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ለምኖ ነው የተማረው፣ ስለዚህ አመጋገቡ ሌላ ነበር። ለማኅሌት ሌሊቱን ሲቆም ኖሯል፣ ስለዚህ እንቅልፉም ሌላ ነው። ተማሪው በበኩሉ አስራ ምናምን ዓመት በእንግሊዝኛና በሒሳብ ፈተና ያለፈ ነው። እነዚህ ሁሉ ተጠቅልለው አንድ ዓምድ ውስጥ ይገባሉ፤ የዓምዱ ስም «ቡድን» ነው። «ዕድሜውን በሪግሬሽን እናስተካክለዋለን»፣ ማለትም የዕድሜን ተጽዕኖ አስልተን እንቀንሰዋለን፣ የሚል መልስ እሰማለሁ። የአንደኛው ቡድን ዕድሜ ከ45 በላይ፣ የሌላው ከ23 በታች ከሆነ ሪግሬሽኑ የሚያስተካክለው ነገር የለም። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ሳይኖር የሚሰጠው ቁጥር ግምት ብቻ ነው።

ለዚህ ጥሩ ትምህርት የሚሰጠው የለንደን ታክሲ ሾፌሮች ታሪክ ነው። የለንደን ታክሲ ፈቃድ ለማግኘት የከተማዋን በሺዎች የሚቆጠሩ መንገዶች በቃል መያዝ ያስፈልጋል። ኤሌኖር ማጓየርና ባልደረቦቿ በ2000 16 ሾፌሮችን ከ50 ሌሎች ወንዶች ጋር አነጻጽረው፣ ሂፖካምፐስ የሚባለው የማስታወስ ክፍል የኋላው ጎን በሾፌሮቹ ላይ ሰፋ ብሎ አገኙት። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ወዲያው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ተነሳ፦ ሥራው ነው አንጎሉን የለወጠው ወይስ ሲፈጠር ጀምሮ ሰፋ ያለ ሂፖካምፐስ ያለው ሰው ነው ፈተናውን የሚያልፈው? ከ16ቱና ከ50ዎቹ ዳታ ይህ ሊመለስ አይችልም። እናም በ2011 ካትሪን ዉሌትና ማጓየር ሌላ ነገር ሠሩ። 79 ሰልጣኞችን ገና ስልጠና ሲጀምሩ አነሷቸው። ከሦስትና አራት ዓመት በኋላ ደገሙ። በመጀመሪያው ላይ ልዩነት አልነበረም፣ በሁለተኛው ግን ለውጡ የታየው ፈተናውን ባለፉት 39 ሰዎች ላይ ነበር። ባላለፉት ላይ አልታየም።

ለእኛ ጥያቄ ደግሞ ተስማሚው ማነጻጸሪያ እዚሁ አለ። ንባብና ዜማ ጨርሶ ቅኔ ቤት ሊገባ የተዘጋጀ ተማሪ፣ ዕድሜው ከ18 ያለፈ፣ ፈቃደኛ የሆነ፣ መጀመሪያ ይነሳ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከፊሉ ቅኔውን አስመስክሮ ይወጣል። ከፊሉ አቋርጦ ወደ እርሻ ወይም ወደ ንግድ ይገባል። ያቋረጠው ልጅ ከቀጠለው ጋር አንድ አገር ነው የበቀለው። ያው ደበሎ፣ ያው ቆሎ፣ ያው ግዕዝ። ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ከሚለቀም ከማንኛውም ሰው ይልቅ እሱ ነው እውነተኛው ማነጻጸሪያ። እርግጥ ያቋረጡት በዕጣ አይደለም ያቋረጡት፣ ምክንያት አላቸው። የመጀመሪያው ምስል በእጃችን ካለ ግን ከመነሻው ይለያዩ እንደነበር ማየት እንችላለን።

በ2016 ከሕንድ የወጣ አንድ ጥናት ከእኛ ሐሳብ ጋር በጣም ይቀራረባል። የቬዳን ጽሑፎች በሳንስክሪት በቃላቸው የያዙ 21 ሊቃውንት ከሌሎች 21 ሰዎች ጋር ተነጻጽረው ሰፊ የአንጎል ልዩነት ተገኘ። ጥናቱን አከብረዋለሁ። ሆኖም የአንድ ጊዜ ንጽጽር ነው፣ የ2000ው የታክሲ ጥያቄ እሱም ላይ ይነሳል። እኛ ከዚያ መጀመር የለብንም፤ ከ2011ዱ መጀመር እንችላለን።

ቀጥሎ ማሽኑ ውስጥ ምን ይሠራል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው።

«ቅኔ ሲሰማ አንጎሉ ምን እንደሚሆን እናያለን» ማለት አይበቃም። ብቻውን የሚታይ ነገር የለም፤ ሁሌም ሲነጻጸር ነው። ተማሪው ጉባኤ ቃና፣ ማለትም ባለ ሁለት ቤቱን አጭር ቅኔ፣ ሲሰማ ካገኘነው ምልክት ላይ የዝምታውን ብንቀንስ የምናገኘው ድምፅ የመስማት፣ ቋንቋ የመለየት፣ ነቅቶ የመጠበቅ፣ የሁሉንም ድምር ነው። ሰምና ወርቁን የመለየት ሥራ በዚያ ውስጥ ተቀብሯል። ስለዚህ ሦስት ዓይነት ድምፅ ያስፈልገናል፦ ተማሪው ከዚህ በፊት ያልሰማው ጉባኤ ቃና፣ በርዝመት የሚመጣጠን ተራ የግዕዝ ንባብ፣ እና የዚያው የጉባኤ ቃና ቃላት ቦታቸው ተዘበራርቆ። ሦስቱንም አንድ ሰው፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ ያንብባቸው። ከመጀመሪያው ላይ ሁለተኛው ሲቀነስ ወደምንፈልገው እንጠጋለን። ይህቺ የቅነሳ መስመር ኮንትራስት ትባላለች። ማሽኑ ከመከራየቱ በፊት ወረቀት ላይ መጻፍ ያለባት እሷ ናት።

ጉባኤ ቃናዎቹ ከየት ይምጡ? አራት ቅኔ ብቻ ደጋግመን ብናሰማ ውጤቱ ስለእነዚያ አራት ቅኔዎች ይሆናል እንጂ ስለ ቅኔ አይሆንም። አርባ ይሁኑ። ደግሞም ሁሉም የዋሸራ ከሆኑ የጎንጅ ተማሪ የሚቸገረው በአንጎሉ ምክንያት ይሁን በሁለቱ ቤቶች የቅኔ መንገድ ልዩነት አይለይም። ከሁለቱም ወገን ተመጣጥነው ይወሰዱ፤ የትኛው የማን እንደሆነም ዳታው ውስጥ ይመዝገብ። ይሄንን የሚመርጡልን የኔታ ናቸው እንጂ ከእኛ ማናችንም አንችልም። ጥናቱ ውስጥ ስማቸው መግባት አለበት ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሰከንዶቹ። ተማሪው ቅኔውን 6 ሰከንድ ይሰማል፣ 2 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ «ወርቁ ይሄ ነው?» ለሚል ጥያቄ ቁልፍ ተጭኖ ይመልሳል እንበል። ቆንጆ ይመስላል። ነገር ግን ምልክቱ ዘገምተኛ ነው ብለናል። የመስማቱ ምልክት ጫፍ ላይ ሲደርስ የመመለሱ ምልክት ተነስቶ መውጣት ጀምሯል። በእያንዳንዱ ዙር ክፍተቱ ያው 2 ሰከንድ ከሆነ፣ ሞዴሉ፣ ማለትም ምልክቱን ለየምክንያቱ የሚያከፋፍለው ስሌት፣ ውስጥ «መስማት» የሚለው ዓምድና «መመለስ» የሚለው ዓምድ እጅግ ይመሳሰላሉ። ኮምፒዩተሩ ቁጥር መስጠቱን አይተውም፣ ይሰጣል፤ የትኛው ምልክት የማን እንደሆነ ግን መለየት አይችልም። ክፍተቱን በዘፈቀደ አንዴ 2፣ አንዴ 5፣ አንዴ 8 ሰከንድ ብታደርጉት ሁለቱ ዓምዶች ይላቀቃሉ። በአንዳንዱ ዙር ደግሞ ጥያቄው ጭራሽ ባይመጣ የበለጠ ይረዳል። ይሄ ሁሉ ምንም ሰው ሳይነሳ በላፕቶፕ ላይ ሊሰላ ይችላል፤ ዓምዶቹን ሠርታችሁ ዝምድናቸውን ማየት ብቻ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ 5 ደቂቃ ዜማ፣ 5 ደቂቃ ዝምታ የሚል ዕቅድ አይቻለሁ። ይሄም አይሆንም። የማሽኑ ምልክት በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ሶፍትዌሮቹ በጣም ዘገምተኛ ለውጥን አጣርተው ይጥሉታል። ኤስፒኤም በሚባለው የተለመደ ሶፍትዌር ውስጥ የማጣሪያው ልክ፣ ካልቀየራችሁት፣ 128 ሰከንድ ነው። የእናንተ ዑደት 600 ሰከንድ ነው። ማጣሪያው የማሽኑን መንሸራተት ሲጥል የዜማውንም ምልክት አብሮ ይጥለዋል።

ስለ ዜማ ካነሳን አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ማሽኑ ሲሠራ ጩኸቱ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። ዜማን በዚያ ውስጥ ማሰማት ለሰሚውም ለጥናቱም ግፍ ነው። መፍትሔው ያው የምልክቱ ዘገምተኝነት ነው፦ ማሽኑ ዝም ብሎ ዜማው ይሰማል፣ ከዚያ ምልክቱ ጫፍ ሊደርስ ሲል ማሽኑ አንድ ምስል ያነሳል፣ እንደገና ዝም ይላል። የምስሉ ቁጥር ይቀንሳል፣ ያንን ለማካካስ ጊዜው ይረዝማል። ይሄ ምርጫ ከስታቲስቲክሱ ተነጥሎ አይታይም።

ደግሞ እንቅስቃሴ አለ። አንድ ቮክስል፣ ማለትም የምስሉ ትንሿ ኩብ፣ ጎኗ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ነው። ራስ 1 ሚሊ ሜትር ከተነቃነቀ ቮክስሏ ሌላ ቦታ ማየት ትጀምራለች። አሁን አስቡት። ዓመታት ሙሉ መቋሚያ ይዞ ሲዘምም የኖረ ሰው ዜማ ሲሰማ ሰውነቱ ሳይታወቀው ይወዛወዛል። ያልተማረው ሰው ዝም ብሎ ይተኛል። እንቅስቃሴው ከድምፁም ከቡድኑም ጋር ተቆራኘ ማለት ነው። የራስን እንቅስቃሴ በስድስት መለኪያ፣ ሦስት መንሸራተትና ሦስት መዞር፣ መዝግቦ ሞዴሉ ውስጥ ማስገባት የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ግን እሱ ብቻ አይበቃም። ከስንት ሚሊ ሜትር በላይ የተንቀሳቀሰ ምስል ይጣላል፣ ስንት ምስል የተጣለበት ሰው ከጥናቱ ይወጣል የሚለው ውጤቱ ሳይታይ ይወሰን። ውጤቱን አይቶ ሰው ማስወጣት፣ ሳናውቀው እንኳ፣ የምንፈልገውን ውጤት ማብሰል ነው።

ወደ ቁጥሩ ብዛት እንምጣ። አንድ አንጎል ውስጥ 100,000 ቮክስል አለ እንበል። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፈተና እንሠራለን። ፒ፣ ማለትም ልዩነት ሳይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣት ዕድል፣ ከ0.05 በታች የሆነውን ሁሉ ብናምን፣ ምንም ልዩነት በሌለበት ዳታ 5,000 ቮክስሎች «በርተዋል» እንላለን። ወደ 0.001 ብናወርደው እንኳ 100 ይቀራሉ። ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ በ2009 ይህን በሞተ ሳልሞን ዓሣ አሳዩ። ዓሣውን ማሽን ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ አሳዩት፣ ሰዎቹ ምን እንደሚሰማቸው «ጠየቁት»፣ ከዚያ በተለመደው መንገድ ተነተኑት። ከ8,064 ቮክስሎች 16ቱ ከ0.001 በታች ወጡ። ለፈተናዎቹ ብዛት እርማት ሲደረግ ሁሉም ጠፉ።

እርማቱን እንዴት እናድርግ? ቦንፌሮኒ የሚባለው እርማት 0.05ን ለ100,000 ያካፍለዋል። 0.0000005 ማለት ነው። ጎረቤት ቮክስሎች ስለሚመሳሰሉ ይሄ ከመጠን በላይ ይጠነክራል። ለረጅም ጊዜ የተወደደው መንገድ ቮክስሎቹን በክምችት እያዩ ክምችቱ በአጋጣሚ ይህን ያህል ሊሰፋ ይችላል ወይ ብሎ በቲዎሪ ማስላት ነበር። በ2016 አንደርስ ኤክሉንድ፣ ቶማስ ኒኮልስና ሃንስ ክኑትሰን ያንን መንገድ ፈተኑት። ምንም ሥራ ሳይሰጣቸው ተኝተው ከተነሱ 499 ጤነኛ ሰዎች ዳታ ወስደው፣ በዘፈቀደ ቡድን እየሠሩ፣ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ የቡድን ትንተና አካሄዱ። ውሸት ግኝት 5 በመቶ መሆን ሲገባው፣ በአንዳንድ አሠራር እስከ 70 በመቶ ደረሰ።

በዚያ ፈተና ከሁሉ የተሻለ የቆመው መበወዝ የምለው (ፐርሙቴሽን የሚባለው) ዘዴ ነው። ለክፍሌ ሁሌም የምመክረው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ማንም ሊረዳው ይችላል። አስር ቀጣይና አስር አቋራጭ ተማሪ አለን እንበል። ቡድኑ ለአንጎሉ ለውጥ ምንም ካላመጣ፣ «ቀጣይ» እና «አቋራጭ» የሚለውን ስም በሰዎቹ ላይ ቀያይሬ ብለጥፍ ለውጥ የለውም። 20 ሰዎችን አስር አስር አድርጎ መክፈያ 184,756 መንገድ አለ። ከዚያ ውስጥ በዘፈቀደ 5,000 እንውሰድ። በእያንዳንዱ ላይ ሙሉ አንጎሉን እንተነትናለን፣ ከቮክስሎቹ ሁሉ ትልቁን ቁጥር ብቻ እንመዘግባለን። 5,000 ትላልቅ ቁጥሮች ሰበሰብን። ከእነሱ 95 በመቶውን የሚበልጠው ቁጥር ወሰናችን ይሆናል። ከእውነተኛው ትንተና ይህን ወሰን ያለፈ ቮክስል ካለ እሱን እናምናለን። ቲዎሪ አልተበደርንም፤ አጋጣሚ ምን ያህል ሊሰጥ እንደሚችል ከራሳችን ዳታ ጠየቅን።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፣ ጎበዝ ሰዎችም የሚገቡበት። የተማሪዎቹን የማስታወስ ውጤት ከእያንዳንዱ ቮክስል ጋር ታዛምዳላችሁ። ከፍተኛ ዝምድና ያለውን ቮክስል ትመርጣላችሁ። ከዚያ «በዚህ ቦታ ዝምድናው 0.9 ነው» ብላችሁ ትጽፋላችሁ (0 ዝምድና የለም፣ 1 ፍጹም ዝምድና ማለት ነው)። በ10 ሰዎች ዳታ፣ ንጹህ አጋጣሚ እንኳ ከ100,000 ቮክስሎች ውስጥ በአማካይ 40 የሚሆኑትን ከ0.9 በላይ ወይም ከሲቀነስ 0.9 በታች ያወጣቸዋል። በ2009 ኤድዋርድ ቩልና ባልደረቦቹ ይህን ጉዳይ ሲያነሱ፣ ከጠየቋቸው ጥናቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቮክስል የመረጡትም የለኩትም በዚያው ዳታ ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ቦታው በአንደኛው ዳታ ይመረጥ፣ በሌላው ይለካ። ወይም ደግሞ ቦታው ከቀደሙ ጥናቶች ቀድሞ ይወሰን።

የሰው ቁጥርስ? «ከእያንዳንዱ ሰው 300 ምስል አለን፣ በ10 ሰው 3,000 ነው» የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም። ከአንድ ገበሬ አውድማ 300 ጊዜ ጤፍ ሰፍሮ የጎጃምን ምርት አወቅሁ የሚል የለም። ስለ ቅኔ ተማሪዎች መናገር ከፈለግን የሚቆጠረው ሰው ነው፣ 10 ነው። መጀመሪያ በየሰው ውስጥ ኮንትራስቱ ይሰላል፣ ከዚያ የሰዎቹ ኮንትራስት እርስ በርስ ምን ያህል ይለያያል በሚለው ላይ ፍርዱ ይሰጣል።

አስር ደግሞ ትንሽ ነው። ሁለት ቡድን ሲነጻጸር፣ ልዩነቱ የግማሽ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ሰዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚራራቁ መለኪያ) ያህል ከሆነ፣ 80 በመቶ የማግኘት ዕድል እንዲኖረን በየቡድኑ 64 ሰው ያስፈልጋል። ያውም ለአንድ ፈተና፣ በ0.05። አንድ ሰው ከራሱ ጋር ሲነጻጸር ግን፣ ለምሳሌ ጉባኤ ቃና ከንባብ ጋር፣ ለዚያው ግማሽ ልዩነት 34 ሰው ይበቃል። የንድፍ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው የሚታየው። አንጎልን ከሰዎች ችሎታ ጋር በማዛመድ ላይ ደግሞ ስኮት ማሬክና ባልደረቦቹ ወደ 50,000 የሚጠጉ ሰዎችን ዳታ ተጠቅመው በ2022 ያሳዩት፣ እንዲህ ያለ ዝምድና ተደግሞ እንዲገኝ ሺዎች እንደሚያስፈልጉ ነው። ስለዚህ «የቅኔ ችሎታ ከየትኛው የአንጎል ክፍል ጋር ይዛመዳል» የሚለውን ጥያቄ እኛ ዛሬ ባንጠይቀው ይሻላል። «ቅኔ ሲሰማ ከንባብ በተለየ የሚሠራው የቱ ነው» የሚለውን ግን መጠየቅ እንችላለን።

ምርጫው ብዙ ነው፣ እሱን አልደብቃችሁም። በ2012 ጆሹዋ ካርፕ የአንድ ሙከራን ዳታ በ6,912 የተለያዩ መንገዶች ተንትኖ፣ ውጤቱ ከመንገድ መንገድ ምን ያህል እንደሚለያይ አሳየ። በ2020 ደግሞ 70 ቡድኖች የ108 ሰዎችን አንድ ዳታ ተቀብለው ያንኑ 9 መላምት ፈተኑ። አንድ ዓይነት መንገድ የተከተሉ ሁለት ቡድኖች እንኳ አልተገኙም፣ በበርካታ መላምቶችም ላይ አልተስማሙም። ሁሉም ባለሙያዎች ነበሩ። ዕቅዱን ቀድሞ ጽፎ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ሰው በሚያየው ቦታ ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከዕቅዱ መውጣት ይቻላል፤ ወጣሁ ብሎ መጻፍ ግን ግድ ነው።

ከባሕር ዳርም ሆነ ከደብረ ማርቆስ ይህን ለመጀመር የማሽን ኪራይ መጠበቅ የለባችሁም። ኦፕንኒውሮ በሚባል ድረ ገጽ ላይ ሰዎች ያነሷቸው የአንጎል ምስሎች በነጻ ተቀምጠዋል፣ ቢአይዲኤስ በሚባል አንድ ወጥ አቀማመጥ። ኤፍኤስኤልና ኤኤፍኤንአይ የሚባሉት የመተንተኛ ሶፍትዌሮች ለትምህርትና ለምርምር በነጻ ይወርዳሉ፤ ኤስፒኤምም እንደዚያው። የቋንቋ ሙከራ ያለበትን አንድ ዳታ አውርዱ፤ ኢንተርኔቱ ሌሊት ይሻላል። ከዚያ የራሳችሁን ንድፍ በውሸት ዳታ ሞክሩት። መጀመሪያ ምንም ልዩነት የሌለበት ዳታ ፍጠሩ፣ ዕቅዳችሁን አንድ ሺህ ጊዜ አስኪዱት፣ ውሸት ግኝቱ ወደ 50 መጠጋቱን ተመልከቱ። ከዚያ የምታውቁትን ልዩነት በአንድ ቦታ ጨምሩበት፣ ከሺሁ ስንቱን ጊዜ እንዳገኛችሁት ቁጠሩ። ከ800 በታች ከሆነ የሰው ቁጥር ጨምሩ ወይም የሰከንዶቹን አቀማመጥ ቀይሩ፣ እንደገናም አስኪዱት። እነዚህን ሁለት ቁጥሮችና የኮንትራስቷን መስመር በአንድ ገጽ ጽፎ ለሚመጣ ተማሪ፣ የኔታ ዘንድ አብሬው ሄጄ ፈቃድ እጠይቃለሁ።